ሪፖርቱ ሞልቷል፤ ሕመምተኞቹስ ሁሉ ተቆጥረዋል?

በጋው ገብቶ አቧራው ሲነሳ የማጅራት ገትር ስጋትም አብሮ ይነሳል። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ የሚዘልቀውና 26 አገሮችን የሚነካው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ናት። በቀበቶው አገሮች በሽታው የሚበረታው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው። ሐዋሳ ውስጥ አንድ ልጅ አንገቱ ደርቆ፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ሆስፒታል ገባ ከተባለ የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ታመመ?» ብሎ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመጣል፦ በሳምንቱ ይህን ያህል ሕመምተኛ ሪፖርት ተደርጓል፣ የሪፖርት ምሉዕነቱም ከ90 በመቶ በላይ ነው። ሰሚው ታዲያ ከመቶ ሕመምተኛ ዘጠናው ተገኝቷል ብሎ ይረዳዋል። እንዲያ አይደለም። ያ መቶኛ የሚለካው የቅጾቹን መምጣት ነው። ከታመሙት ሰዎች ምን ያህሉ እንደተቆጠሩ ለማወቅ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል።

የበሽታ ቅኝት ምንድን ነው? ቁጥሩስ ከየት ይመጣል?

ቅኝት ማለት ስለ አንድ በሽታ ያለማቋረጥ መረጃ መሰብሰብ፣ መረጃውን መተንተንና እርምጃ መውሰድ ለሚችለው አካል በጊዜው ማድረስ ነው። የአፍሪካ አገሮች የበሽታዎችን ቅኝት በአንድ አቀናጅተው ለመሥራት የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በአገራችን አሁን ያለው የሕብረተሰብ ጤና አደጋዎች አደረጃጀት የተዘረጋው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

አንዳንድ በሽታ እንደታየ ወዲያው ይነገራል፤ ኩፍኝና ድንገተኛ የእጅ እግር መስነፍ ከእነዚህ ናቸው። ማጅራት ገትር፣ ታይፎይድና ወባ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለው ተደምሮ ይላካል። ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ለከተማው ወይም ለዞኑ፣ ለክልሉ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ላለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። በሳምንቱ አንድም ሕመምተኛ ያላየ ተቋም እንኳ «ዜሮ» ብሎ መላክ አለበት። ይህ ጥሩ ሥርዓት ነው፤ በሽታ ያልታየበትን ሳምንት ሪፖርት ከተረሳበት ሳምንት ይለያል።

የሪፖርት ምሉዕነት የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ቅጽ መላክ ከሚገባቸው 20 ተቋማት 19ኙ ከላኩ ምሉዕነቱ 95 በመቶ ነው። አሥራ ዘጠኙም ዜሮ ብለው ቢልኩ ያው 95 በመቶ ነው። የሳምንቱ ሕመምተኞች ሁሉ ቤታቸው ተኝተው ቢሆንም አይለወጥም።

ሁለተኛው ልኬት፣ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩርበት፣ በአንድ ቦታና ጊዜ በእርግጥ ከታመሙት ሰዎች ስንቱ መዝገብ ውስጥ ገቡ የሚለው ነው። ተካፋዩን እናውቀዋለን፤ የተመዘገበው ነው። አካፋዩ፣ ማለትም የታመመው ሰው ሁሉ፣ አይታወቅም። ያልተቆጠረን ሰው እንዴት ይቆጥሩታል?

ከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ስንል የትኛውን ነው?

ባክቴሪያ በቆዳችን፣ በአፍንጫችንና በአንጀታችን ሞልቷል፤ ብዙው አይጎዳንም። ከባድ የምንለው፣ ንጹሕ መሆን ወዳለበት ወደ ደም ወይም በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ሲገባ ነው። ኒሞኮከስ፣ ሜኒንጎኮከስና ሂብ በመባል የሚታወቀው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ታይፕ ቢ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ደግሞ ክሌብሲየላና ኢ ኮላይ ይበዛሉ። ሠላሳ ሦስት የባክቴሪያ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም 7.7 ሚሊዮን ለሚሆን ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። ግምት ያልኩት በምክንያት ነው። ሞቱ በሚበዛባቸው አገሮች ባክቴሪያውን በስሙ የሚለይ ላቦራቶሪ ጥቂት ስለሆነ፣ ባዶው ቦታ የተሞላው በስሌት ነው።

ወባ በአንድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። እነዚህ ግን ካልቸር ይፈልጋሉ። ደም ወይም የጀርባ ፈሳሽ ተወስዶ፣ ባክቴሪያው በምቹ ምግብ ላይ እስኪያድግ ቀናት ተጠብቆ ነው የሚለዩት። ሕመምተኛው ከቁጥሩ የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ሕመምተኛው ከቁጥር የሚጎድለው የት ላይ ነው?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የሳምባ ምች ዓይነት ምልክት ከታየባቸው ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት መካከል ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። የቀሩት በየትኛውም መዝገብ የሉም።

ቀጥሎ መድኃኒት ቤት። ትኩሳት ያለው ሰው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ውጦ ወይም በክሊኒክ ሴፍትሪያክሶን ተወግቶ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሊጠቅመውም ይችላል፤ ለቆጠራው ግን ከባድ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሆስፒታሎች በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ከተመሳሳይ ሕመምተኞች አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት የተወሰደ የደም ካልቸር በ31 በመቶው ባክቴሪያ ሲያሳይ፣ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ የተወሰደው ያሳየው በ19 በመቶው ብቻ ነው። በማጅራት ገትር ደግሞ ሜኒንጎኮከስ ከመርፌው በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከካልቸር ሊጠፋ ይችላል። ሕመሙ አለ፣ ምስክሩ የለም። ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው የሞተ ባክቴሪያን ዘረመል ሳይቀር የሚያገኘው ፒሲአር ነው፤ እሱ ግን በየሆስፒታሉ አይገኝም።

ሦስተኛው ናሙናው ራሱ ነው። «ከጀርባ ውኃ ከተቀዳ ሽባ ያደርጋል» የሚል ፍርሃት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አለ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ስለሆነ ፍርሃቱ መሠረት የለውም፤ ሆኖም አንድ አባት ልጁ ላይ ሲደርስ እጁ ፈርሞ ለመፍቀድ ቢንቀጠቀጥ የሚገርም አይደለም። ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ባለሙያ ካልተገኘ ናሙናው ሳይወሰድ ይቀራል፤ ልጁ በአንቲባዮቲክ ድኖ ቢወጣም በመዝገቡ ላይ «ያልተረጋገጠ» ነው።

ላቦራቶሪው ላይም ብዙ ይጎድላል። ከአዋቂ ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል፤ ግማሹ ከተወሰደ ባክቴሪያውን የማግኘት ዕድሉ ይቀንሳል። የጀርባ ፈሳሽ ለካልቸር ሲባል ፍሪጅ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ምክንያቱም እነዚህ ባክቴሪያዎች ብርድ አይችሉም። ባክቴሪያው የሚያድግበት ማብቀያ የሚሠራው በበግ ደም ነው፤ ደሙ ካለቀ ወይም ጠርሙሶቹ ካልተገዙ የዚያ ወር «ዜሮ» የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሁኔታ ከማሳየት አያልፍም።

በመጨረሻ ወረቀቱ አለ። የካልቸር ውጤት ሲመጣ ሕመምተኛው ወጥቷል፣ ተዛውሯል ወይም አርፏል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» (የደም መመረዝ) ብሎ ጽፏል፤ የባክቴሪያው ስም የላቦራቶሪው መዝገብ ላይ ብቻ ተጽፎ ቀርቷል። የሳምንቱን ቅጽ የሚሞላው ሰው ያየው አንዱን መዝገብ ብቻ ነው።

ቁጥሩ የሚያንሰው ብቻም አይደለም፤ ያለ ልክ የሚበዛበትም አለ። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው በከተማችን ማግኘት ይከብዳል። ብዙው በዊዳል ምርመራ የተባለ ነው። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ስለሆነ፣ ድሮ የታመመንም ሆነ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው ታይፎይድ እንዳለበት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ታይፎይድን አያረጋግጥም። ስለዚህ በአንድ ከተማ መዝገብ ታይፎይድ ከእውነቱ በላይ፣ ኒሞኮከስ ደግሞ ከእውነቱ በታች ሆነው ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ።

ያልተቆጠረውን እንዴት መቁጠር ይቻላል?

መልሱን ሐይቁ ያሳያል። በሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ስንት ቆሮሶ አለ ብለን ብንጠይቅ ሐይቁን አድርቆ የሚቆጥር የለም። ነገር ግን አንድ ቀን መረብ ጥለን 60 ቆሮሶ አወጣን እንበል። በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ምልክት አድርገን መለስናቸው። ከቀናት በኋላ እንደገና ጥለን 40 ስናወጣ 24ቱ ምልክት ያለባቸው ሆኑ። ከሁለተኛው መረብ 60 በመቶው ምልክት ካለበት፣ ከሐይቁም ዓሣ 60 በመቶ ያህሉን ምልክት አድርገንበታል ማለት ነው። ምልክት ያደረግነው 60 ስለሆነ ሐይቁ ውስጥ 100 ያህል ዓሣ አለ። ዴንማርካዊው ፒተርሰን ይህን በባሕር ዓሣ የሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ከሱ በፊት ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ በተመሳሳይ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1802 የፈረንሳይን ሕዝብ ብዛት ገምቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ሴከርና ዴሚንግ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች በካልካታ አቅራቢያ ያልተመዘገቡ ልደቶችንና ሞቶችን ለመገመት ተጠቅመውበታል።

በሽታ ላይ ሁለቱ መረቦች ሁለት መዝገቦች ናቸው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እንያቸው እንጂ የማንም ሆስፒታል አይደሉም። የተኝቶ ታካሚ ክፍሉ መዝገብ በዓመት 60 የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ሕመምተኞች አሉት። ላቦራቶሪው 40 አሉት። በሁለቱም ስማቸው ያለ 24 ናቸው። በጠቅላላው የታወቁ ሰዎች 60 ሲደመር 40 ሲቀነስ 24፣ ማለትም 76 ናቸው። በእርግጥ የታመሙት ግምት 60 ሲባዛ በ40 ሲካፈል ለ24፣ ማለትም 100 ነው። ስለዚህ ክፍሉ ብቻውን የያዘው 60 በመቶ፣ ላቦራቶሪው ብቻውን 40 በመቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው 76 በመቶ ናቸው። ሃያ አራት ሰዎች የትም የሉም። ቁጥሮቹ ትንንሽ ሲሆኑ ስሌቱ ወደ ላይ ስለሚያጋድል፣ ቻፕማን የተባለ የስታቲስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ማስተካከያ ይሠራበታል፤ በዚህ ምሳሌ 99 ይሰጣል።

ስሌቱ መቼ ያሳስታል?

ሁለቱ መዝገቦች የማይነካኩ ሲሆኑ ነው የሚታመነው። የክፍሉ ነርስ የላቦራቶሪውን ውጤት እያየች ስም የምትጨምር ከሆነ ግን በሁለቱም የሚገኙት ይበዛሉ። ከ24 ወደ 30 ቢያድጉ የታወቁት 70፣ ግምቱ 80 ይሆንና ሥርዓቱ 88 በመቶ የያዘ ይመስላል። አንድም ተጨማሪ ሕመምተኛ አልተገኘም፤ ቁጥሩ ግን አምሮበታል። ይህን የማያጣራ ሪፖርት ባይጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አለማወቅን እውቀት አስመስሎ ያቀርባልና።

ተቃራኒው ስህተት የሚመጣው ስም ሲያመልጥ ነው። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ «ኃይሌ»ን አንዱ በ«ሃ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል። ኮምፒዩተር ላይ በላቲን ፊደል ሲገባ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ሆስፒታሉ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎ የላቦራቶሪው ማሽን በአውሮፓው ሊያትመው ይችላል። ዕድሜ በግምት ነው። ከሁሉ የሚከብዱት ጨቅላ ሕፃናት ናቸው። ስም ስላልወጣላቸው «ቤቢ ኦፍ» ተብሎ በእናታቸው ስም ይመዘገባሉ፤ ስም ሲወጣላቸው ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከ24ቱ አራቱ በዚህ ምክንያት ሳይገጣጠሙ ቢቀሩ ግምቱ ወደ 120 ይዘላል፣ በሁለቱ መዝገቦች የተያዘውም ወደ 67 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የካርድ ቁጥርን፣ የእናትን ስም፣ ቀበሌንና የተኛበትን ቀን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ማጣመሩ የሚሠራው ስም ማየት በተፈቀደለት ሰው ብቻ ሆኖ፣ ለትንተና ሲወጣ ስሙ በኮድ መተካት አለበት።

ሐዋሳ ላይ ሌላም ነገር አለ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚያክመው የሐዋሳን ሰው ብቻ አይደለም። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከኦሮሚያ ምዕራብ አርሲ ሪፈር የተጻፈለት ሁሉ ይመጣል፤ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020 ራሱን የቻለ ክልል ከሆነና የደቡብ ክልልም እ.ኤ.አ. በ2023 ከተከፋፈለ ወዲህ እነዚህ ሕመምተኞች የየራሳቸው ክልል ሰዎች ናቸው። የሻሸመኔ ልጅ የሐዋሳ ሆኖ ከተቆጠረ የሐዋሳ ቁጥር ያላግባብ ይጨምራል፤ የሻሸመኔ ደግሞ ይጎድላል። መደበኛ አድራሻው በትክክል ያልተጻፈ ሕመምተኛ ለዚህ ስሌት ብዙም አይጠቅምም።

በየትኛውም መዝገብ ሊገባ የማይችለው ሰውስ?

ይህ የስሌቱ ዋና ድካም ነው። ሁለቱም መዝገቦች ሆስፒታል ውስጥ ከሆኑ፣ የሚገምቱት ሆስፒታል ደርሰው ያመለጡትን ብቻ ነው። ቤቱ የሞተው ሕፃን መረቡ በማይደርስበት የሐይቁ ክፍል ነው ያለው። እሱን ለመድረስ ከሕክምና ውጭ የሆነ ምንጭ ያስፈልጋል። አንዱ ቤት ለቤት እየሄዱ «ልጅ ሲታመም የት ወሰዳችሁት?» ብሎ መጠየቅና ሆስፒታል የሚደርሰውን ድርሻ ማወቅ ነው። ሌላው ሞትን መከታተል ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በመካነ መቃብሮች ቀብር ሲመዘገብ ቆይቷል፤ ለተመረጡትም ቤተሰቡን በመጠየቅ የሞቱ ምክንያት ተጣርቷል። ሐዋሳ ላይም እድሮች መዝገብ አላቸው። የሕፃናትን ሞት ሁልጊዜ ባይጽፉትም፣ በጥንቃቄና በፈቃድ ቢጠየቁ ሆስፒታሉ ያላየውን ማሳየት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛ ምንጭ ሲጨመር መዝገቦቹ እርስ በርስ መነካካታቸውንም መለካት ይቻላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በተመረጡ ግዛቶች የሚሠራው የከባድ ባክቴሪያ ቅኝት ሌላ መንገድ ተከትሏል። ሪፖርት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው በአካባቢው ያሉትን ላቦራቶሪዎች ይጠይቃሉ፣ በየጊዜውም የላቦራቶሪውን መዝገብ ከደረሳቸው ሪፖርት ጋር ያመሳክራሉ። ይህን ለማድረግ ታካሚዎቹን የሚመረምሩት ላቦራቶሪዎች ሁሉ መታወቅ አለባቸው። በከተማችንም የግል ክሊኒኮችና ላቦራቶሪዎች ከመዝገቡ ውጭ ሆነው ምሉዕ ቁጥር ሊገኝ አይችልም።

ለእኛ ምን ይለውጣል?

ወረርሽኝ የሚታወጀው በቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማጅራት ገትር ቀበቶ ባወጣው መመሪያ፣ ሕዝቡ ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ በሆነ አካባቢ «ንቁ» ተብሎ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በሳምንት ከ100 ሺህ ሰው 3 ሲታመም፣ ወረርሽኝ የሚባለው ደግሞ 10 ሲደርስ ነው። ሐዋሳ ስምንት ክፍለ ከተሞች አሏት። ከነሱ አንዱ 60 ሺህ ነዋሪ አለው ብለን ብናስብ የወረርሽኙ ወሰን በሳምንት 6 ሕመምተኛ ነው። ሥርዓቱ የሚቆጥረው ግማሹን ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ 6 ሲታይ የታመሙት 12 ሆነዋል። የክትባት ዘመቻ መጀመር ያለበት ግን ቀደም ብሎ ነበር። ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ስለሚቀጥፍ ይህ መዘግየት ከባድ ነው።

ክትባት ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውም በዚሁ ይወሰናል። ሂብን የያዘው አምስት በአንድ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 ወደ አገራችን መደበኛ ክትባት ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኞች ቀነሱ ለማለት የቀነሰው በሽታው እንጂ ምርመራው አለመሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመድኃኒት መላመድም እንዲሁ ነው። ካልቸር የሚሠራው መድኃኒት አልያዝ ያለው ሕመምተኛ ላይ ብቻ ከሆነ፣ የሚወጣው ቁጥር የከፋውን ብቻ ያሳያል፤ ሐኪሙም ከሚያስፈልገው በላይ ጠንካራ መድኃኒት ወደ ማዘዝ ያመራል።

ለዚህ ነው የተቆጠረው ድርሻ አንድ ጊዜ ተለክቶ የማይተወው። አዲስ የካልቸር ማሽን ሲገባ፣ ማብቀያ ሲያልቅ፣ ቅጹ ሲቀየር ድርሻው ይለወጣል። አንድ ሆስፒታል ዓምና 40 ሕመምተኛ፣ ዘንድሮ 54 ሪፖርት አደረገ እንበል። ዜናው «ጨመረ» ይላል። ዓምና የተቆጠረው ከታመሙት 40 በመቶው፣ ዘንድሮ ግን ላቦራቶሪው ተጠናክሮ 60 በመቶው ከሆነ፣ ዓምና የታመሙት 100፣ ዘንድሮ 90 ናቸው። በሽታው ቀንሷል፤ የጨመረው ያገኘናቸው ሰዎች ብዛት ነው።